ሶላሩ የደከመው በአቧራ ነው? የደሴና የኮምቦልቻ ጣሪያዎች ሒሳብ

ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው። ማስተካከያው አራት ዓመት እንዲዘልቅ ታስቦ የወጣ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2016፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው ፓኔል፣ ባትሪና ኢንቨርተር (የሶላሩን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረው) በብር ሲታሰብ ተወደደ። ሶላር የሚያስመኘው ነገር በዛ፤ ሶላሩ ራሱም አብሮ ናረ። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ፓኔል ያለው ሰው ባለው ነገር የሚቻለውን ሁሉ ማግኘት ይፈልጋል።

ክረምቱ ወጥቶ አቧራው መቦነን ሲጀምር ደሴም ኮምቦልቻም አንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ፓኔል በየሳምንቱ ካልታጠበ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል» ይላል። ሌላው «ዝናብ ያጥበዋል፣ አትንካው» ይላል። ሁለቱም ከመሬት ተነስተው አያወሩም። ችግሩ አንድ ቦታ የሠራውን ሁሉም ጋ ይሠራል ማለታቸው ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ሁኔታ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ዝናብ የማይታመንባቸው ሁለት ነገሮች ግን አሉ፤ ወደ እነሱ እንመጣለን።

አቧራ ስንት ይወስዳል?

ፓኔል የሚሠራው መስታወቱን አልፎ ሴሎቹ ላይ በሚያርፍ ብርሃን ነው። ሴል ማለት ከመስታወቱ ሥር ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሆና የምትታየው፣ ከሲሊከን የተሠራችው አራት ማዕዘን ናት። መስታወቱ ላይ አቧራ ሲያርፍ ሴሏ የሚደርሳት ብርሃን ይቀንሳል። ብርሃን ሲቀንስ በዋናነት የሚወርደው ከረንቱ፣ ማለትም የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ቮልቴጁ፣ ማለትም የሚገፋው ጉልበት፣ ብዙም አይነካም። ይህችን ነጥብ መያዝ ደግ ነው፤ ቴስተር ይዞ ጣሪያ የሚወጣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሠሩ ግምቶች ቆሻሻ ከዓመታዊው የሶላር ምርት ከ3 እስከ 4 በመቶ ያህል ይወስዳል ይላሉ። ይህ በረሃውንም ዝናባሙንም አገር ቀላቅሎ ነው። ወራት ያለ ዝናብ በሚያልፍበት፣ የአሸዋ አውሎ በሚመታው በረሃ ውስጥ በአንድ ቀን ብቻ ግማሽ በመቶና ከዚያ በላይ ሊጠፋ ይችላል። እዚያ ለሁለት ለሦስት ወር ዝም የተባለ ፓኔል በእርግጥ ይደክማል። «ግማሹን ታጣለህ» የሚለው ወሬ እንዲህ ላለው ቦታ ይቀርባል። ደቡብ ወሎ ግን በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አለው፤ በልግና ክረምት። በሐምሌና በነሐሴ ፓኔል ለማጠብ ጣሪያ መውጣት ትርፉ ድካም ነው። ቆርቆሮው ያንሸራትታል፣ ከሰዓት የሚመጣው ዝናብም ያንኑ ሥራ በነጻ ይሠራዋል።

የሶላር ጉልበት ሲወርድ አቧራ ቀድሞ የሚጠረጠረው ስለሚታይ ነው። የማይታየው ብዙ ጊዜ ይብሳል። ሙቀትን እንውሰድ። ፓኔሉ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ይቀንሳል። አየር እንዳያልፍበት ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ የተገጠመ ፓኔል እኩለ ቀን ላይ 60 ዲግሪ ቢደርስ ከ10 በመቶ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ይህን በጨርቅ ወልውሎ ማስመለስ አይቻልም።

እዚህ ላይ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ይመጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ አየሩ ግን ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ፓኔል፣ እኩል ንጹሕ ሆኖ፣ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደሴ ላይ ሻል ያለ ቢሰጥ አይገርምም። ደሴ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። በተራራ የተከበበች ስለሆነች እንደ ሰፈሩ ፀሐይ ጠዋት ዘግይታ ትወጣለች፣ ወይም ማታ ቀድማ ትሰወራለች። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ሲጨመርበት ከአቧራ የበለጠ የሚሰርቀው ጥላ ነው። «ካጠብኩትም በኋላ ለውጥ የለውም» ብሎ ሻጩን ከመውቀስ በፊት ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ቀና ብሎ ጥላው የት እንደደረሰ ማየት ይሻላል።

የደሴው ቆሻሻና የኮምቦልቻው ቆሻሻ

አቧራ ሁሉ አንድ አይደለም። ደረቅ የመንገድ አቧራ ነፋስ ያነሳዋል፣ አንድ ጥሩ ዝናብም ያወርደዋል። ኮምቦልቻ ግን የፋብሪካና የጭነት መኪና ከተማ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተመርቋል። ከዚያ በፊትም ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራውና ብረታ ብረቱ ነበሩ። በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መንገድም ከዚያው ይነሳል። ዋናው መንገድ ዳር ያለ ጣሪያ ላይ ከአቧራው ጋር የናፍጣ ጥላሸት ይወርዳል። ጥላሸት ቅባት አለው። ዝናብ ሲመታው ተራ አቧራው ይሄዳል፣ ቅባታሙ ስስ ሽፋን ይቀራል። ጣት ሲያርፍበት ጥቁር መስመር የሚተወው እሱ ነው። ከመንገድ ገባ ባሉ ሰፈሮች ይህ ችግር ይቀላል።

ደሴ ላይ የሚያስቸግረው ጤዛ ነው። በበጋ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ መስታወቱ ደግሞ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። ጎሕ ሲቀድ ፓኔሉ በጤዛ ተሸፍኖ ይገኛል። አቧራው ይረጥባል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል፣ በማግስቱ እንደገና ይረጥባል። ይህ ሲደጋገም ላላ ያለው አቧራ ይጠጥራል። በከሰልና በእንጨት የሚበስልበት ሰፈር ጭሱም ይጨመርበታል። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ በከተማዋ ዙሪያ ባለው ገጠር አጨዳና ውድማ ሲሆን ነፋስ የሚያመጣው እብቅም እርጥቡ መስታወት ላይ ይለጠፋል።

ጤዛው ታዲያ ጥቅምም አለው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ፓኔሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ቆሻሻው በራሱ ጊዜ ርሷል። አንድ ሰው ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ውሃ ይዞ ቢደርስ ግማሹ ሥራ ተሠርቶለታል።

ዝናብ የማይደርስባቸው ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው የወፍ ኩስ ነው። እርግብ ወይም ቁራ ጣሪያውን ካዘወተረ ኩሱ ደርቆ ይጣበቃል፤ አንድ ሁለት ዝናብ ጠርዙን ብቻ አሟሙቶት ያልፋል። ጉዳቱ ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም። ምክንያቱ የሴሎቹ አሠራር ነው። በአንድ ፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። ለግንብ ሥራ ድንጋይ በሰልፍ እየተቀባበሉ እንደሚያወጡ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከዘገየ ሰልፉ በሙሉ በሱ ፍጥነት ይሄዳል። ኩስ የተጫነባት ሴል ማመንጨት ትታ የሌሎቹን ጉልበት ወደ ሙቀት መቀየር ትጀምራለች። ቦታው ይግላል። ባለሙያዎች «ሆት ስፖት» የሚሉት ይህንን ነው። ለረጅም ጊዜ ከቆየ የፓኔሉ ጀርባ እስኪጠቁር ድረስ ይሄዳል፤ ያ ደግሞ በውሃ አይለቅም።

ፋብሪካዎች ለዚህ ባይፓስ ዳዮድ የሚባል ማሳለፊያ ያስገባሉ። ከፓኔሉ ጀርባ ባለችው ትንሽ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። እያንዳንዱ የፓኔሉን ሲሶ ይጠብቃል። አንዷ ሴል ስትታፈን ዳዮዱ ያንን ሲሶ ዘልሎ ከረንቱን ያሳልፋል። ፓኔሉ ከቃጠሎ ይድናል። ያ ሲሶ ግን እንዳለ ከሥራ ይወጣል።

ሁለተኛው ነገር ታችኛው ጠርዝ ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ ችላ የተባለው ይህ ነው። ፓኔሉ ብዙ ካልዘነበለ የዝናብ ውሃ አቧራውን ገፍቶ ወደ ታች ያመጣውና ከአሉሚኒየሙ ፍሬም ጋር ይጋጫል። ፍሬሙ ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ውሃው እዚያ ይቋጥራል፣ ይደርቃል፣ ጭቃውን ትቶት ይሄዳል። በየዝናቡ አንድ ስስ ንብርብር ይታከላል። ከርቀት ፓኔሉ የሚያብለጨልጭ ንጹሕ ይመስላል። ቀርቦ ላየው ግን ሥሩ ላይ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ደረቅ የጭቃ ቀበቶ ታስሮለታል።

ቀበቶው ምን ያደርጋል? ሒሳቡን በተለመደው ባለ 60 ሴል ፓኔል እንየው። ርዝመቱ 1.65 ሜትር ያህል ነው። ስድስት ሴል በአግድም፣ አሥር ሴል በቁመት ተደርድሯል። የአንዷ ሴል ጎን 15.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ፓኔሉ በቁሙ ተገጥሞ ጭቃው የታችኛዎቹን ስድስት ሴሎች ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሸፈነ እንበል። ከጠቅላላው ስፋት ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ከእያንዳንዷ የታች ሴል ግን አንድ አምስተኛው ሄዷል። ጭቃው ብርሃን ጨርሶ የማያሳልፍ ከሆነ የፓኔሉ ከረንት ወደ 20 በመቶ ይጠጋል የሚቀንሰው። ስድስቱ የታች ሴሎች በሦስቱም ዳዮዶች ክልል ስለሚወድቁ ዘልሎ ማለፍም አይቻልም። በጎኑ የተኛ፣ ማለትም ረጅሙ ጎን ወደ ታች የሆነ ፓኔል ላይ ቀበቶው የሚነካው አንዱን ሲሶ ብቻ ነው። ቀበቶው ጠባብ ሳለ በሁለቱ መካከል ያን ያህል ልዩነት የለም። እየሰፋ ሲሄድ ግን በቁሙ የተገጠመው እየባሰበት ይሄዳል፤ የተኛው ኪሳራ ሲሶ ላይ ይቆማል።

«አጥቤው ለውጥ አየሁ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየው ለውጥ የመጣው መሃሉን በመወልወሉ አይመስለኝም። ሳያስበው ይህን ቀበቶ ስላነሳው ነው። ሙሉ እጥበት ለመሥራት ውሃም ጊዜም ከሌለ ታችኛውን ጠርዝና የወፍ ኩሱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት አብዛኛውን ጥቅም ይሰጣል።

እጥበቱ ራሱ ሲጎዳ

አቧራ የሚያመጣው ኪሳራ ጊዜያዊ ነው። መጥፎ እጥበት የሚያመጣው ግን ቋሚ ሊሆን ይችላል። ሻጮችም ገዢዎችም ይህን ሲያነሱ እምብዛም አይሰማም።

የፓኔል መስታወት ተራ የመስኮት መስታወት አይደለም። አብዛኛው ላይ ብርሃን እንዳይመልስ የሚያደርግ እጅግ ስስ ቅብ አለ። ቅቡ ሁለት ሦስት በመቶ ያህል ተጨማሪ ብርሃን ያስገባል። ድስት በሚፈገፈግበት ሽቦ፣ በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በዱቄት ሳሙና ሲታሽ ይላጣል፣ ይጫጫራል። የተጫጫረ መስታወት ደግሞ አቧራ ይበልጥ ይይዛል። ሦስት በመቶ ለማስመለስ ተብሎ ሦስት በመቶን ለዘላለም ማጣት ማለት ነው። ደረቅ አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግም ያው ነው፤ በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። መጀመሪያ ማርጠብ፣ ከዚያ በስፖንጅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ መወልወል ይበቃል። ለኮምቦልቻው ጥላሸት በአንድ ባልዲ ውሃ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሮ በደንብ ማለቅለቅ ነው። በረኪና አያስፈልግም።

በእኩለ ቀን ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም አለ። 60 ዲግሪ የደረሰ መስታወት ላይ የሮቶ ውሃ ሲወርድበት በድንገት ይኮማተራል። የተጠናከረ መስታወት ስለሆነ ሁልጊዜ ይሰነጠቃል ማለት አይደለም፤ ቀድሞ ጭረት ያለበት ከሆነ ግን ላይችል ይችላል። የላቫጆ ፓምፕም ለመኪና እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ጠንካራው ግፊት በፍሬሙ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ አልፎ እርጥበት ሊያስገባ ይችላል።

ፓኔሉ ላይ መቆም ወይም መንበርከክ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሴሎቹ ላይ ይፈጥራል። ውጤቱ ከወራት በኋላ ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ ማንም ከእጥበቱ ጋር አያገናኘውም። ከዚህ ሁሉ በላይ ያለው አደጋ ግን ሰውየው ራሱ ነው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ የሚንሸራተት ሰው ለአምስት በመቶ ብሎ እግሩን ይሰብራል። ኤሌክትሪኩም አይረሳ፤ ፓኔል ብርሃን እስካለ ድረስ ያመነጫል፣ የሚጠፋበት ቁልፍ የለውም። ትንሿ የ12 ቮልት ሲስተም ያን ያህል አታስፈራም። ብዙ ፓኔል በተከታታይ የተያያዘበት የሱቅ ወይም የክሊኒክ ጣሪያ ላይ ግን ቮልቴጁ ብዙ መቶ ይደርሳል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ወይም ሽቦው የተላጠ ከሆነ ውሃ ማስነካት አይገባም፤ ባለሙያ ይጠራ።

ስለ ውሃው አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ቤት ለፓኔል ጀሪካን መድፋት ቅንጦት ይመስላል፤ ደግነቱ ለአንድ ፓኔል አንድ ሁለት ሊትር ይበቃል። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ ይሻላል። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስላለው ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ሌላ ከሌለ በእሱው አጥቦ ሳይደርቅ በመስታወት መጥረጊያ ላስቲክ ማውረድ ነው።

ለማን ያዋጣል?

የአራት መቶ ዋት ፓኔል በጥሩ ፀሐይ ቀን 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። አቧራው አምስት በመቶ ወሰደ ብንል 0.08 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 8 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ለአሥር ሰዓት ያበራል። ቆጣሪ ላለው ቤት ይህ ሳንቲም ነው። ከሶላር ውጪ መብራት ለሌለው ቤት ግን የልጆቹ የማታ ጥናት ነው። አሥር ፓኔል ያለውና መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሱቅ ደግሞ በዚያው አምስት በመቶ በቀን 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ያጣል። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ያንን ለማምረት ወደ ግማሽ ሊትር ይጠጣል። እሱ ማጠቡ ያዋጣዋል።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ቆሻሻው የሚበዛው ፀሐይዋ በምትበዛበት በበጋ ነው። ባትሪው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሞልቶ የሚያድር ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጉልበት ማረፊያ የለውም፤ አቧራው የሚያደርገው መሙያውን ወደ 8 ሰዓት ተኩል መግፋት ብቻ ነው። ባለቤቱ አንዳች አላጣም። በተቃራኒው ፓኔሉ ለባትሪው ጠባብ ከሆነና በበጋም የማይሞላ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የሊድ አሲድ ባትሪ፣ ማለትም ከባዱ የመኪና ዓይነት፣ ለሳምንታት ሳይሞላ ከቆየ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክርና አቅሙን ይበላዋል። እዚህ ላይ የእጥበቱ ዋጋ የሚለካው በባትሪ ዕድሜ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሳይሞላ መቆየትን ይችላል።

ታዲያ በየስንት ጊዜ? የእጥበት አገልግሎት የሚሸጥ ሰው «በየወሩ» ቢል አይፈረድበትም፤ ሥራው ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ወቅት ግን ክረምቱ ወጥቶ በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በጥር በልጉ ሳይገባ አንድ ጊዜ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ኮምቦልቻ ዋና መንገድ ዳር፣ ወይም ግንባታ ከሚካሄድበት አጠገብ ያለ ጣሪያ በበጋ በየወሩ ቢታይ ተገቢ ነው። የወፍ ኩስ ወቅት አይጠብቅም፤ በታየ ጊዜ ይነሳ።

እርግጠኛ ለመሆን የሚፈልግ ሰው መለካት ይችላል። በቴስተር ቮልቴጅ ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት ግን መሸወድ ነው፤ አቧራ የሚቀንሰው ከረንቱን ነው ብለናል። የሚሻለው ቻርጅ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው) ወይም ኢንቨርተሩ የሚያሳየውን ዋት ማንበብ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 6 ሰዓት፣ ቁጥሩን መጻፍ። በማግስቱ ማልዶ ማጠብ። በዚያው ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ እንደ ትናንቱ ከጠራ፣ እንደገና ማንበብ። ባትሪው በሁለቱም ቀን መሙላት የለበትም፤ ከሞላ ኮንትሮለሩ ራሱ ይቀንሳል፣ ንጽጽሩም ይበላሻል። ልዩነቱ ሁለት ሦስት በመቶ ከሆነ የሰማዩ ሁኔታ ብቻውን ሊያመጣው ይችላል። አሥር ከሆነ ግን ያ ጣሪያ እጥበት ነበረበት።

ገና የሚገጥም ሰው

አዲስ የሚያስገጥም ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ግማሹን በአንድ ውሳኔ ሊያስቀር ይችላል፤ በዝንባሌው። ደሴና ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናቸው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እንዲያውም እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በዚህ የተነሳ አንዳንድ ገጣሚዎች ፓኔሉን ጠፍጣፋ ቢያስተኙትም ግድ የላቸውም። በምርት በኩል ልዩነቱ እውነትም ትንሽ ነው። በቆሻሻ በኩል ግን ብዙ ነው። ዝንባሌው ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ፓኔል ላይ ውሃ በደንብ አይወርድም፣ ጠርዙ ላይ ይቆማል፤ የጭቃ ቀበቶው የሚያድገው እዚያ ነው። ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ማዘንበል ለምርቱም ለዝናቡም ይስማማል። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ ቢል አየር ያልፍበታል። በፓኔሎቹ መካከል ወይም ዳር እጅ የሚያስገባ ክፍተት ቢተው ደግሞ የሚያጥበው ሰው ላያቸው ላይ መውጣት አይኖርበትም። ገጣሚው ጣሪያው ላይ እያለ እነዚህን ማስደረግ ተጨማሪ ገንዘብ እምብዛም አያስከፍልም። ከወረደ በኋላ ግን ብሎኑን ፈትቶ እንደገና ለመግጠም የቀን ሥራ ዋጋ ይጠይቃል።